«ኢትዮጵያ»ን በወረቀት መሥራት፦ ከድሮ ፎቶግራፍ እስከ ቆመ ሞዴል

የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ዛሬ የለችም። እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጣለች። ከዚያ በፊት ግን ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመርከቦቻችን ትልቋ፣ የዕጩ መኮንኖች መሠልጠኛ፣ በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የሁሉም ዓይን የሚያርፍባት ነበረች። ይህ ጽሑፍ እሷን ከእውነተኛ መጠኗ 250 ጊዜ አሳንሶ በካርቶንና በወረቀት እንዴት እንደሚሠሯት ያሳያል። ታትሞ የተዘጋጀ መቁረጫ ሳይኖር ከባዶ ስለምንነሣ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። መቀስ፣ ማስመሪያና ኮላ መያዝ የሚችል የ15 ዓመት ልጅ ግን ከቸኮለ አዋቂ የተሻለ አድርጎ ሊጨርሰው ይችላል።

ከመቁረጥ በፊት ስለ መርከቧ ጥቂት ማወቅ የግድ ነው፤ ቅርጿን ያመጣው ሥራዋ ነውና። ስትሠራ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሆተን በሚገኘው የሌክ ዋሽንግተን የመርከብ መሥሪያ ተገንብታ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1942 ውኃ ላይ ወረደች። ተግባሯ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይትና ጥገና ማቅረብ ነበር። የፊትና የመካከል ገላዋ ከፍ ብሎ የኋላ ወለሏ ወደ ውኃው የቀረበውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አውሮፕላን ከባሕር በክሬን አንሥቶ ለማሳረፍ ዝቅ ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዘመቻ አገለገለች። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ስትተላለፍ አዲሱን ስሟንና ኤ-01 የሚለውን ቁጥር አገኘች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች።

ዓመት ይምረጡ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው፣ ብዙ ጀማሪም የሚዘለው ሥራ ይህ ነው። «ኢትዮጵያ» የምትባል አንዲት የማትለወጥ መርከብ የለችም፤ የ1955 ዓ.ም. አለች፣ የ1965 አለች፣ የ1975 አለች። መሣሪያ ይጨመራል፣ ይነሣል፤ ጀልባ ቦታ ይለውጣል፤ ምሰሶው ላይ አዲስ አንቴና ይተከላል። ሰንደቅ ዓላማው እንኳ ከአብዮቱ በፊትና በኋላ አንድ አይደለም፤ የንጉሡ ዘመን ሰንደቅ ዘውድ የጫነ አንበሳ ነበረበት። እንግዲህ ጥርት ያለ ፎቶ ያገኙበትን ዓመት ይያዙና ለእርሱ ይታመኑ። የሌላ ዓመት ፎቶ የመጀመሪያው ያላሳየውን ጎን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ከሁለቱ እየቀላቀሉ መሥራት ግን በየትኛውም ቀን በባሕር ላይ ያልታየች መርከብ ይሰጥዎታል።

ፎቶ ከሦስት ቦታ ይሰብስቡ። አንደኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክ ክፍል ነው፤ በ«ኦርካ» ስም ይፈልጉ። ሁለተኛው በንጉሡ ዘመን የታተሙ ጋዜጦችና መጽሔቶች ናቸው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በመርከቧ ላይ ያገለገሉ ሰዎች አልበም ነው። በወለሉ ላይ ተሰልፈው የተነሡት ፎቶ ከኋላቸው ያለውን የበር፣ የመሰላልና የጀልባ ዝርዝር ይዞልዎታል። በዚያ ላይ ሰው መለኪያ ነው፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ በ1:250 ላይ 7 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አጠገቡ ያለውን በር በእርሱ ቁመት መገመት ይቻላል።

የእኅቶቿም ፎቶ ይረዳል። «ኢትዮጵያ» የባርኔጋት ወገን ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ስትሆን የገላቸው ቅርጽ አንድ ነው። ከእነርሱ 18ቱ በኋላ ወደ አሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ስለገቡ በጣም ብዙ ፎቶ አላቸው። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ የጠረፍ ጥበቃው መርከቦች የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ የሚነፉበት ቤት በኋላ ወለላቸው ላይ ተሠርቶላቸዋል። ያንን ገልብጠው «ኢትዮጵያ» ላይ እንዳይተክሉት። ከእኅቶቿ የገላውን መስመር ይውሰዱ፤ ከወለል በላይ ያለውን ግን ከራሷ ፎቶ ብቻ።

ልኬት

መርከቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ 94.7 ሜትር፣ በስፋት ወደ 12.5 ሜትር ነበረች። በ1:250 ርዝመቷ 379 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቷ 50 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ልኬት የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። የጀርመን የወረቀት መርከብ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የሚጠቀሙበት በመሆኑ ወደፊት ሌላ መርከብ ሠርተው አጠገቧ ቢያስቀምጡ ይመጣጠናሉ። ሁለተኛው ምክንያት የፎቶ ኮፒ ቤት ጉዳይ ነው፤ የኤ3 ወረቀት 420 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም የመርከቧ ጎን ያለ መጋጠሚያ በአንድ ወረቀት ይወጣል። ፖላንዶች በሚወዱት በ1:200 ከሠሯት 47 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ መቀጠልም ግድ ይሆናል። በ1:400 በኤ4 ላይ ትገባለች፤ ለጀማሪ ጣት ግን መሰላሎቹና መድፎቹ እጅግ ይደቅቃሉ።

ከውኃ በታች ያለውን ክፍል አንሠራም። ሞዴሏ በውኃ ላይ እንደቆመች ሆና ጠፍጣፋ መሠረት ላይ ትቀመጣለች። በውኃው መስመር ላይ የመርከቧ ርዝመት 91.4 ሜትር ገደማ ነው፤ በሞዴሉ 366 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ መሠረቱ ከላይኛው ወለል በ13 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የፊቷን ወደፊት የመዘርጋት ግርማ የሚሰጣት ይህች ትንሽ ልዩነት ናት። መሠረቱንና ወለሉን እኩል የቆረጠ ሰው ቀጥ ያለ ሳጥን ይሠራል።

ንድፉን ከፎቶ ለማውጣት መርከቧን ከጎኗ፣ ከሩቅ፣ በቀጥታ ያነሣ ፎቶ ያስፈልግዎታል። ሰያፍ ፎቶ ለዚህ አይሆንም። በፎቶው ላይ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ። 190 ሚሊ ሜትር ቢሆን 379ን ለ190 ያካፍሉ፤ 2 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ያገኛሉ። ከዚያ በፎቶው ላይ የለኩትን የጭስ ማውጫ ቁመት፣ የቤቶቹን ርዝመት፣ የወለሉን ከውኃ ከፍታ በዚያ ቁጥር እያባዙ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ኮምፒውተር ላይ መሥራት ከመረጡ ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ንድፍ በእርሳስ እንዲያወጡ እመክራለሁ፤ እጅዎ የመርከቧን መስመር ቀድሞ ይማረዋል።

ዕቃው

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ለአጥንቱ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ካርቶን፤ ለጎኖቹና ለቤቶቹ ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ ወፍራም ወረቀት፤ ለጥቃቅኑ ተራ የ80 ግራም ወረቀት። ነጭ የአናጢ ኮላ ዋናው ማጣበቂያ ነው። ከዚህ ሌላ ሹል ከተር ከትርፍ ምላጭ ጋር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወረንጦ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ መርፌ፣ ስቴኪኒና የውኃ ቀለም ይያዙ። የሚቆርጡበትና የሚገጣጥሙበት ቦታ ደልዳላ ይሁን፤ አሮጌ የመስኮት መስተዋት ጠርዙ በፕላስተር ተሸፍኖ ለመገጣጠሚያ ይበቃል።

ንድፍዎን ሲያትሙ ሌዘር ማተሚያ ይምረጡ። የኢንክጄት ቀለም የኮላ እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል። ኢንክጄት ብቻ ካለ ከመቁረጥዎ በፊት ድብዝ ያለ ቫርኒሽ በስሱ ይርጩበትና ይድረቅ።

ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት አለው። ከሚጠቀሙበት ወረቀት ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጠው አንድ ገጹን በውኃ ያርጥቡ፤ ሲጠቀለል የጥቅሉ ርዝመት የሄደበት አቅጣጫ ጭረቱ ነው። የመድፍ አፈ ሙዝና የጭስ ማውጫ ሲጠቀልሉ ጭረቱ ከቱቦው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ። ተቃራኒ ከሆነ ወረቀቱ ይሰባበራል እንጂ አይዞርም።

አጥንት

መሠረቱን በ366 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከካርቶን ይቁረጡ። መሐሉን ከፊት እስከ ኋላ በቀጭን መስመር ይክፈሉት፤ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ልኬት ከዚያ መስመር ይነሣል። በመስመሩ ላይ አከርካሪውን ያቆማሉ፤ ይህም ከጎን ንድፍዎ የተወሰደ፣ የላይ ጠርዙ የወለሉን ከፍታ የሚከተል ረጅም ካርቶን ነው። የፊቱ ወለል ወደ አፍንጫው ቀስ እያለ ሽቅብ እንደሚወጣ አይርሱ፤ ወደ ኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ደረጃ ሠርቶ ይወርዳል።

አሁን የጎድን አጥንቶቹ። በየ25 ሚሊ ሜትሩ አንድ ቢተክሉ 15 ገደማ ይሆናሉ፤ ፊቱ በፍጥነት ስለሚጠብ እዚያ በየ15 ሚሊ ሜትሩ ቢያደርጉት ይሻላል። የእያንዳንዱን ቅርጽ ለማግኘት የመርከብ መሐንዲስ መሆን አያሻም። የመሠረቱንና የላይኛውን ወለል ንድፍ አንዱን በሌላው ላይ፣ መሐል መስመራቸውን አስተካክለው ያስቀምጡ። አጥንቱ በሚቆምበት ቦታ የመሠረቱ ስፋት የታች ጠርዙ፣ የወለሉ ስፋት የላይ ጠርዙ ነው፤ ቁመቱን ከአከርካሪው ያገኛሉ። በመርከቧ መካከል ሁለቱ ስፋቶች ስለሚቀራረቡ ጎኑን በቀጥታ መስመር ያገናኙ። ወደ ፊት ሲሄዱ ግን የላይኛው ሰፊ፣ የታችኛው ጠባብ ይሆናል፤ እዚያ መስመሩ ወደ ውስጥ ትንሽ ይጉበጥ። ማዕበሉን ወደ ውጭ የሚመልሰው የእውነተኛዋ መርከብ ቅርጽ ይህ ነው።

ከእያንዳንዱ አጥንት ስፋት ላይ የጎኑን ወረቀት ውፍረት ይቀንሱ። በግራና በቀኝ 0.2 ሚሊ ሜትር፣ በድምሩ 0.4 ነው። ከናቁት ጎኑ መጨረሻ ላይ ከወለሉ ጋር አልገናኝ ይላል።

አከርካሪውና አጥንቱ በሚተላለፉበት ቦታ አንዱን ከላይ እስከ ግማሽ፣ ሌላውን ከታች እስከ ግማሽ ሰንጥቀው ያጠላልፏቸው። የስንጥቁ ስፋት የካርቶኑ ውፍረት ያህል ብቻ ይሁን። ሁሉንም ያለ ኮላ ገጥመው ከፊት በኩል በአንድ ዓይን ይመልከቱ፤ የተጣመመ ካለ አሁን ይታያል፣ አሁንም ይስተካከላል። ቀጥ ማለቱን ሲያረጋግጡ ብቻ በየመጋጠሚያው ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ያስገቡ። ነጭ ኮላ ውኃ ስላለው ካርቶኑን ያጣምማል፤ በመስተዋቱ ላይ አድርገው፣ ከላይ ወፍራም መጻሕፍት ጭነው እስከ ማግሥቱ ይተዉት። በዚህች ሌሊት ትዕግሥት ያጣ ሰው የተጠማዘዘች መርከብ ይዞ ይቀራል፤ ከዚህ በኋላ የሚመልሳት ነገር የለም።

ሲደርቅ የአጥንቶቹን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት በለሆሳስ ይጥረጉ። በፊት በኩል ጠርዞቹ ወደ አፍንጫው ሰያፍ እንዲሆኑ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወለልና ጎን

ወለሉን መጀመሪያ ያጣብቁ፤ ገላውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እርሱ ነው። ከመሐል ጀምረው ወደ ሁለቱ ጫፍ ይሂዱ።

የጎኑን ትክክለኛ ቅርጽ በሒሳብ ለማግኘት አይድከሙ። ረጅም የ80 ግራም ወረቀት ቁራጭ በአጥንቶቹ ላይ ያሳርፉና በጥቂት ቦታ በማይጠብቅ ፕላስተር ይያዙት። የወለሉን ጠርዝና የመሠረቱን ጠርዝ ተከትለው በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ ያውጡት፣ ይቁረጡት፣ መልሰው ይሞክሩት። ልክ ሲሆን ወደ ወፍራሙ ወረቀት ይገልብጡት። ለሌላው ጎን ያንኑ ገልብጠው ከመጠቀም በፊት ግን ደግመው ይለኩ፤ በእጅ የተሠራ ገላ ሁለት ጎኑ አንድ መሆኑ አልፎ አልፎ ነው።

የመጨረሻውን ወረቀት ከመለጠፍዎ በፊት መስኮቶቹ፣ የመልሕቁ ቀዳዳና ቁጥሩ ሁሉ ተስለውበት ይለቁ። ከተለጠፈ በኋላ በጠማማ ገጽ ላይ ቀጥ ያለ ቁጥር መጻፍ ከባድ ነው። ግራጫውን ቀለም ከሚያስቡት አንድ ደረጃ ያንጡት፤ ትልቅ መርከብ ከሩቅ ስትታይ አየሩ ቀለሟን ያሳሳዋል፣ ትንሽ ሞዴል በጥቁር ግራጫ ከተቀባ ደግሞ የብረት መጫወቻ ይመስላል። የተቆረጠውን ነጭ ጠርዝ ሁሉ በዚያው ቀለም ይንኩት። ይህን ያደረገና ያላደረገ ሞዴል ከክፍሉ ማዶ ይለያል።

ጎኑን ከመካከሉ፣ ቀጥ ካለው ክፍል ይጀምሩ። ጥቂት አጥንቶች ላይ ኮላ ይቀቡ፣ ያጣብቁ፣ እስኪይዝ በጣት ይደግፉ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። አፍንጫው ላይ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበትን ጫፍ አስቀድመው በእስክሪብቶ ጎን እየጫኑ በቀስታ ያጉብጡ። ኮላ አያብዙ፤ የበዛ ኮላ የአጥንቱን ምልክት በውጭ በኩል እንደ ከሲታ ከብት ጎን ያስቆጥረዋል።

ከወለል በላይ

እዚህ ሥራው ይፈጥናል። ቤቶቹ ሁሉ ሳጥን ናቸው። የሚታጠፈውን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ ተጭነው ካለፉበት በኋላ ያጥፉት፤ ያለዚያ ጠርዙ ይጎረብጣል። ከታችኛው ቤት ወደ ላይኛው፣ ከዚያ ወደ ማዘዣው ክፍል ይውጡ። እያንዳንዱን ከማጣበቅ በፊት ደረቅ አድርገው ቦታው ላይ ያቁሙትና ከጎን ፎቶው ጋር ያስተያዩ። መርከቧ በናፍጣ ሞተር የምትሄድና አንድ ጭስ ማውጫ ብቻ ያላት ናት፤ ጭስ ማውጫውን በእርሳስ ላይ ጠቅልለው ወደ ሞላላ ይጫኑት።

የፊቱ መድፍ የመርከቧ ፊት ጌጥ ስለሆነ ሰዓት ይስጡት። ባለ 5 ኢንች ሲሆን የአፈ ሙዙ ርዝመት የቀዳዳው 38 እጥፍ ነው፤ 127 ሚሊ ሜትር በ38 ሲባዛ 4.8 ሜትር፣ በሞዴሉ 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ80 ግራም ወረቀት በመርፌ ላይ ጠቅልለው፣ ወደ ጫፉ እንዲቀጥን ወረቀቱን በሰያፍ ይቁረጡት። የ40 ሚሊ ሜትሮቹ መድፎች አፈ ሙዝ በ1:250 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ እነዚህን ከወረቀት አይሥሩ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣ ቀጭን ሽቦ ይሻላቸዋል። ስንት እንደሆኑና የት እንደቆሙ ያ የመረጡት ዓመት ፎቶ ይንገርዎ። ክሬኑም እንዲሁ።

ምሰሶው ወረቀት አይሁን፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጎብጣል። ተስሎ የቀጠነ ስቴኪኒ ወይም ሽቦ ይጠቀሙ። ለገመዶቹ ቀጭን የልብስ ክር በኮላ በራሰ ጣት አሳልፈው ጭጉሩን ያስተኙ፣ ወጥረው ያድርቁት፣ ከዚያ ይቁረጡት። በወለሉ ጠርዝ ያለው የብረት መከለያ በሞዴሉ 4 ሚሊ ሜትር ከፍታ ብቻ አለው። እርሱን ለመሥራት በካርቶን ፍሬም ላይ ክሮችን አግድም ወጥረው፣ በላያቸው ቁም ክሮችን አስተላልፈው፣ በቀጠነ ኮላ ያድርቁና በምላጭ ቆርጠው ያውጡ። ካልሆነልዎት ይተዉት። መከለያ የሌላት ንጹሕ መርከብ ወፍራም አጥር ካላት ታምራለች።

ሰንደቁን በሁለቱም ገጽ በቀጭን ወረቀት ይቀቡት፣ ምሰሶው ላይ ያጣብቁት፣ ኮላው ሳይደርቅ በወረንጦ ወዝወዝ ያድርጉት።

ሲያልቅ

አቧራ ዋና ጠላት ስለሆነ በመስተዋት ወይም በግልጽ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ ግን አይሁን። ከመዝጋትዎ በፊት ከመሠረቱ ሥር የመርከቧን ስም፣ ልኬቱን፣ የመረጡትን ዓመት፣ የተጠቀሙባቸውን ፎቶዎች ምንጭና በግምት የሠሩትን ክፍል ለይተው ይጻፉ። ነገ ሌላ ሰው የተሻለ ፎቶ ቢያገኝ ከእርስዎ ይቀጥላል እንጂ ከባዶ አይነሣም።

አንድ ልመና አለኝ። በዘመድዎ ወይም በጎረቤትዎ መካከል በባሕር ኃይል ያገለገሉ አባት ካሉ ንድፉ በእርሳስ ደረጃ ላይ ሳለ ይዘውላቸው ይሂዱ። «ጋሼ፣ ይህ በር የት ነበር? ጀልባው በየትኛው ጎን ይሰቀል ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው፤ አልበማቸውንም ፈቅደው እንዲያሳዩዎት፣ ፎቶውንም በጥሩ ሁኔታ እንዲገለብጡ ይጠይቁ። በ1954 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው መርከበኛ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነውና ይህንን ለዓመት አያሳድሩት።